ሁለት እርምጃ

ጭምት የወጣላት ስም ሳይሆን የወጣባት ስም ነው። በዘጠኝ ዓመቷ አስተማሪው አስነስቶ ጮክ ብላ እንድታነብ መጽሐፍ ሲሰጣት፣ የመጀመሪያዋ ቃል ጥርሷ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ልታወጣት ስትታገል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው ራሱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ልጄን የሚጠይቅ እኔን ይጠይቅ!" ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷ አፍ እናቷ ሆነች። ሱቅ ሲኬድ እናት ትናገራለች። ዘመድ "እንዴት ነሽ?" ሲላት፣ "ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር" ብላ የምትመልሰው እናት ናት። ለሥራ ስትቀጠር እንኳ ቃለ መጠይቁን ያለፈችው እናቷ ናት ማለት ይቻላል። የመነጽር ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚሏቸው ቀልደኛ ሽማግሌ፣ እናትየዋ ስለ ልጇ ጨዋነትና ስለ እጇ ቅልጥፍና ግማሽ ሰዓት ስታወራ ሰምተው ሲያበቁ፣ "መልካም። እንግዲህ ሰኞ ሥራ የምትገቡት ማናችሁ ናችሁ?" አሉ።

የገባችው ጭምት ናት። ከሱቁ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ሌንስ በማሽን ትሞርዳለች፣ ፍሬም ውስጥ ትገጥማለች፣ ወልውላ በፖስታ ታሽጋለች። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አያናግራትም። ለእሷ ክፍሏ ገነት ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ አሥር ጣት እንዳላት የምታውቀውን ያህል የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፦ እኔ ለመናገር አልተፈጠርኩም።

ቀያሹ የመጣው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነው። ሻጯ ምሳ ወጥታለች፤ ጋሼን ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። አንድ ረጅም ወጣት ለሁለት የተሰበረ መነጽር በመዳፉ ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ "ሰው አለ?" ይላል።

ጭምት የምትገባበት ጠፍቷት ብቅ አለች።

"መሬት የምቀይስ ሰው ነኝ" አላት። "ያለዚህ መነጽር ግን ከዚህ እስከ በሩ ያለውን እንኳ መለካት አልችልም። የሥራ ባልደረባዬ ተቀምጦበት ነው፤ እግዜር ይይለት።"

ስብርባሪውን ተቀብላ አየችው። የሚደርሰው ሐሙስ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ነበር መንገር ያለባት።

"ሐ..." አለች። "ሐ... ሐ..."

ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ይጨርስላት ነበር። ሰውየው ግን ክንዱን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ቆመ። ሰዓቱን አላየም። አንጀቴን በላችኝ የሚል ፊትም አላሳያትም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ እንደሚመጣ እርግጠኛ ሆኖ ጠበቃት።

"ሐሙስ" አለች በመጨረሻ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ።

"ሐሙስ እመጣለሁ።"

የመጣው ረቡዕ ነው።

"ሐ... ሐሙስ ነው እኮ ያልኩህ!"

"ሰምቻለሁ። ደግመሽ እንድትነግሪኝ ብዬ ነው።"

ሳቀች። ከእናቷ ሌላ ሰው ፊት ጥርሷን አሳይታ ከሳቀች ስንት ዓመቷ! የዚያን ቀን ማታ ሳቋን እያስታወሰች አፈረች፣ ደግሞም ደስ አላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከሥራ ስትወጣ ከመነጽር ቤቱ ጀርባ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ስለ ኮረብታና ስለ ገደል ያወራል፤ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የአንድ ሰው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ይፈጅባታል፤ እሱም ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ቃሏን ሊጨርስላት ሞክሮ ተሳሳተ። "ከእንግዲህ አይለምደኝም" አላት። ቃሉንም ጠበቀ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ቦታ፣ ግድብ ወደሚሠራበት ላከው። መጻጻፍ ጀመሩ። ወረቀት ላይ ጭምት ሌላ ሰው ናት፤ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ትናፍቃለች። በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህ ደብዳቤ ደረሳት፦

"ጭምቴ፣ ሥራው ሦስት ዓመት እንደሚቆይ ተነገረን። ትዳር ላለው ቤት ይሰጣሉ። ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ወንዙን ያያል። እስከ ሰኞ ተመዝገቡ ብለውናል። ደብዳቤ እስኪመላለስ ጊዜው ስለሚያልፍ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እደውላለሁ። ስልክ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ብዙ ንግግር አልፈልግም። እሺ ካልሽኝ መጥቼ እወስድሻለሁ። እሺ ለማለት እስከ ቀትር ቢፈጅብሽ መስመሩን አልዘጋም። እምቢ ማለትም ትችያለሽ። ብቻ ካንቺ አፍ ልስማው።"

ቅዳሜን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ዋለች። "እሺ። እ... እሺ። እሺ።" ከአሥሩ ስድስቱ ይወጣላታል።

እናቷ ደብዳቤውን አንብባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነው።

"እኔ ጠልቼው መሰለሽ፣ የኔ ልጅ? ሰውየው ጨዋ ነው። ግን እዚያ ማን ይናገርልሻል? ቢያምሽ ለሐኪም ምን ልትይ ነው? እሱ ሥራ ሲውል ጎረቤት ቢያንኳኳ ማን ይመልሳል? አንድ ዓመት ይታገሥሽ ይሆናል፤ ሁለትም ይሁን። በሦስተኛው ይሰለቸዋል። ያኔ ልብሽ ተሰብሮ ከምትመለሺ..."

እናቷ ያለችው ሁሉ ጭምት ራሷ ቀን ከሌት ለራሷ የምትለው ነበር።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

ስልኩ ያለው ከቆመችበት ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። እሺ አፏ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር። እግሯ ግን ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስል አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት ጊዜ ጮኸ። አምስት ጊዜ ጮኸ።

"ላንሳልሽ?" አለች እናቷ።

አዎም አላለች፣ ተይም አላለች። እናቷ አነሳች።

"ሃሎ... ደህና ነህ ልጄ? ደህና ናት፣ አለች... አይ፣ አትችልም። ይርቃታል... ኧረ እሷው ናት ያለችው..." ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጭምት ያልሰማችውን ነገር ተናገረች። "በል ዕድሜ ይስጥህ" ብላ ዘጋች።

"አለቀ" አለች፣ የልጇን ፀጉር እየዳበሰች። "አየሽ? ምንም አልሆነም።"

መጀመሪያ ጭምት የተሰማት ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር፤ ከባድ ዕቃ ከጀርባው እንደወረደለት ሰው። በኋላ፣ ቀኑ ሲመሽ፣ ደብዳቤ መምጣት ሲያቆም፣ እንደ እሳት የለበለባት ያ እፎይታ ነው።

ስምንት ወር አለፈ። የደረቷ ሕመም ባሰባት። እህል ሲያስጠላት ያየች እናት እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?" አለች ሐኪሟ።

"ራሷን ነው፣ ዶክተር" አለች እናት። "ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። የምትሠራበት ማሽን ደግሞ ይጮህባታል።"

የራስ ምታት መድኃኒት ታዘዘላት። ቤት ገብታ ብልቃጡን ስታየው ሳቋ መጣ። ሳቁ መሃል ላይ ተገለበጠና ልቅሶ ሆነ። እናቷ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እናቷ ስለማታውቀው ሕመም ነው የተናገረችው። ሰው ሲናገርላት የኖረው ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ነው፤ የታመመችው እሷ፣ የሚታከመው ሌላ።

በማግስቱ ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ተመለሰች። ወረፋ የያዙት ከኋላዋ ያጉረመርማሉ።

"ደ... ደረቴን ነው" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከእ... ከእሑድ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ። ስ... ስምንት ወር ሆነው።"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ደረቷን አዳመጠች፤ ጀርባዋን አዳመጠች። "ልብሽ ጤነኛ ነው" አለች። "ያሳመመሽ ሰው የት ነው?"

"ሩ... ሩቅ ነው።"

"መንገድ የለውም?"

ጭምት ጥያቄውን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሼ ፊት ቆመች። ባንኮኒው ላይ ሆና ከደንበኞች ጋር መሥራት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ነግራቸው እስክትጨርስ ሻያቸውን ጠጥተው አበቁ።

"እናትሽ ፈቀደች?"

"እ... እኔን ይጠይቁኝ፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ቅንድባቸውን ሰቅለው አዩአትና ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት።

ቀላል አልነበረም። አንዱ ደንበኛ እሷ "ሠ... ሠላሳ" ስትል ትቷት ወጣ። ሌላው "ሌላ ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አላት። "አ... አለ። የያዙት ወረፋ ግን የ... የኔን ነው" አለችው። ጋሼ ከጓዳ በሳቅ ፈነዱ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ማሽኑን ከፍታ በጩኸቱ ተከልላ አለቀሰች። ሁለተኛውን ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ። ምላሷ አልተፈታም፤ አሁንም ይያዛል። አሁን ግን ቃሉ እስኪመጣ ቦታዋን ለቃ አትሸሽም።

በሦስተኛው ወር ማብቂያ ለቀያሹ ልትጽፍ ወረቀት አውጥታ መልሳ አስቀመጠችው። ካንቺ አፍ ልስማው ነበር ያላት።

"እማዬ፣ ነገ ወደ ግ... ወደ ግ..."

"ወደ ገበያ?" አለች እናቷ መርፌዋን ሳታቆም።

"ል... ልጨርስ እማዬ።"

መርፌው ቆመ። ጭምት ጨረሰች። እናቷ የልጇን ፊት እንደማታውቀው ፊት አየችው።

"ብቻሽን? ቲኬቱን ማን ሊቆርጥልሽ? ማደሪያ ማን ሊጠይቅልሽ?"

"እ... እኔ።"

በማግስቱ ማለዳ ልጅቷ ሻንጣዋን ስትከፍት፣ የወለቀው የካፖርቷ ቁልፍ ተተክሎ አገኘችው።

ሁለት ቀን ተጓዘች። በቲኬት መስኮቱ ተንተባተበች፤ ቲኬቱን ቆረጠች። በማደሪያው ተንተባተበች፤ ክፍል አገኘች። በመንገዱ ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለእሱ የምትነግረውን እየደጋገመች።

ከግድቡ ሥራ ማዕከል በር ላይ ዘበኛው ማንን እንደምትፈልግ ጠየቃት። "ቀ... ቀያሹን" አለች። ዘበኛው በጣቱ ጠቆማት። በሦስት እግሩ የቆመ መሣሪያ ላይ አጎንብሷል። እሷ የሠራችው መነጽር ዓይኑ ላይ ነው።

ቀና ሲል አያት። ፊቱ በራ። ያ ብርሃን ግን ወዲያው፣ ሰው እጁን እንደጋረደበት መብራት፣ ደብዘዝ አለ። ጭምት ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት ከማየቷ በፊት፣ ከፊቱ ሁሉን አነበበች።

የተቆለለ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"እናትሽ ደህና ናቸው?"

"ደ... ደህና ናት።"

"ማን አደረሰሽ?"

"ብቻዬን ነኝ። ቲ... ቲኬቱንም እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያገባል። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ወባ ታሞ ተኝቶ ሳለ አስታማዋለች። ስለ ጭምት ሁሉን ታውቃለች፣ የደበቃት ነገር የለም።

ጭምት ተነሥታ መሄድ ትችል ነበር። ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው የመጣችው ነገር እንዲህ ታፍኖ ተመልሶ አይሄድም።

"የመጣሁበትን ል... ልናገር?"

"እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።"

"ያን ዕለት... መ... መልሴ እሺ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ስለማመደው ነው የዋልኩት። መ... መስታወት ፊት ቆሜ። እሺ። እሺ እያልኩ።"

ቀያሹ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

"ስልኩን ይስጧት፣ አትናገር፣ ትንፋሿን ብቻ ልስማ ብዬ ለመንኳቸው እኮ" አለ። "'አጠገቤ ናት፣ አልፈልግም ብላ ራሷን እየነቀነቀች ነው፣ አታስጨንቃት' አሉኝ። ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወር ሙሉ፣ እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ሲሆን ቢሮ ገብቼ ስልኩ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ምናልባት ትደውል ይሆናል እያልኩ።"

ራሷን አልነቀነቀችም ነበር። ግድግዳውን እያየች ነበር የቆመችው። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ያንሾካሾከችው ነገር ይኼ ኖሯል! "ዋሽታህ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ደግሞ የሚገርመው፣ ያ ቃል ሳይንተባተብ ሊወጣ የተዘጋጀ ነበር። መለሰችው።

"እ... እናቴን ተዋት" አለች። "ስልኩ ከኔ ሁለት እርምጃ ነበር። ሁ... ሁለት። ማንም አልያዘኝም። ለመናገር አልተፈጠርኩም ብዬ ያ... ያመንኩት እኔ ነኝ። እናቴ ያልኩትን ነው የደገመችው።"

ነፋስ አቧራ አንሥቶ ጣውላው ላይ በተነው። ቀያሹ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"ምናለ ከሦስት ወር በፊት ብትመጪ ኖሮ!"

"ከሦስት ወር በፊት አ... አልችልም ነበር።"

እውነት እንደሆነ ሁለቱም አወቁት።

"ቃል ሰጥቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "እሷ ምንም አላደረገችኝም። ደግ ሰው ናት።"

"አ... አውቃለሁ። እንድታፈርስ አይደለም የመጣሁት።"

ይህን ስትል ዋሸች። እሱም እንደዋሸች ገባው፤ ነገር ግን ውሸቷን አንሥቶ እንደ ስጦታ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት በብርጭቆ ውኃ ይዛ ወደ እነሱ መጣች። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ማንም አልነገራት፤ የጭምትን ፊት አይታ አውቃለች። "መንገድ አድክሞሽ ይሆናል፣ እህቴ። ጠጪ" አለቻት። ብታመናጭቃት በተሻላት ነበር። ጭምት አንድ ቃል ቀርቷት ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው። ነርሷን አየቻት። ውኃውን ጠጣች፤ ቃሉንም አብራ ዋጠችው።

ቀያሹ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። እጇን ይዞ ሊለቃት አልቻለም፤ መጀመሪያ የለቀቀችው እሷ ናት።

ከጎኗ የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ሹራብ ይሠራሉ። አውቶቡሱ የመጀመሪያውን ኮረብታ ሲያልፍ ሥራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?"

ድሮ ቢሆን ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ትገላገል ነበር። ዛሬ ነገረቻቸው። ስለ ሐሙስና ስለ ረቡዕ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ እናቷ ነገረቻቸው። ቤት ስትደርስ እናቷን እንደማትጣላ፣ ግን ሁሉን ቁጭ ብላ እንደምትነግራት ነገረቻቸው። ሰኞ ባንኮኒዋ ላይ እንደምትገኝ ነገረቻቸው። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። ሴትዮዋ አንድም ጊዜ ቃል አላቀበሏትም።

"ትወጂው ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"እ..." አለች ጭምት። "እ... እወደው..."

ሴትዮዋ ጠበቁ። "ነበር" የምትለዋ ትንሽ ቃል ግን አልመጣ አለች። ጭምት ምላሷ እንዳልተያዘ ታውቃለች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ግንባሯን የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ ማን ይሰማኛል ሳትል፣ ድምጿን አውጥታ አለቀሰች።